ቡናማውን ከማመን በፊት

የውሻ ዕጢ ስላይድ ላይ ቡናማ ቀለም ሳይ፣ ውጤት ከመጻፌ በፊት ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀውን ማነጻጸሪያ ስላይድ አነሳለሁ። በኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ አንቲቦዲው የሚፈልገውን ፕሮቲን ሲያገኝ፣ ከሱ ጋር የተያያዘው ኢንዛይም ማቅለሚያውን ቡናማ ያደርገዋል። ሳያገኝም ቡናማ ሊወጣ ይችላል። በደም ሴሎች ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ፔሮክሲዴዝ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ካልታፈነ ያው ቀለም ይታያል። በሜላኖማ ዕጢ ደግሞ ሜላኒን የተባለው የሴሉ ቀለም ራሱ ቡናማ ነውና ቀይ የሚሰጥ ማቅለሚያ እመርጣለሁ።

የሰው ላብራቶሪ የሚመረምረው አንድ ዝርያ ነው። እኛ የእንስሳት ላብራቶሪ ጋ ጠዋት ውሻ፣ ከሰዓት ላም፣ በማግስቱ ፈረስ ይመጣል፤ ከምንገዛው አንቲቦዲ ብዙው ግን ለሰው ፕሮቲን የተሠራ ነው። ሲዲ3 ለተባለው የቲ ሊምፎሳይቶች ፕሮቲን የተሠራ አንዳንድ አንቲቦዲ በብዙ እንስሳት ላይ ይሠራል፤ የሚይዘው የፕሮቲን ክፍል ከዝርያ ዝርያ እምብዛም አይለያይምና። በሰው ቶንሲል ላይ የደመቀ ሌላ አንቲቦዲ ግን በላም ንፍፊት ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ማነጻጸሪያው ከዚያው ዝርያ ይሁን እላለሁ። የአሜሪካ የእንስሳት ላብራቶሪ ምርመራ ባለሙያዎች ማኅበር ንዑስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ መመሪያ ሲያወጣ፣ ከፎርማሊን አያያዝ እስከ ማነጻጸሪያ ድረስ የዘረዘረው በከንቱ አይደለም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ነው። ናሙናው ቀጠን ብሎ ተቆርጦ፣ በመጠን አሥር እጥፉ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቢቆይ መልካም ነው። ከቦረና የተላከ ዕጢ ግን ተሽከርካሪ እስኪገኝ፣ ደብዳቤ እስኪፈረም፣ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፎርማሊኑ ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ እያሰረ አንቲቦዲው የሚይዘውን ቦታ ይሸፍናል። ፒኤች 6 በሆነ ሲትሬት ውስጥ ማሞቅ ብዙውን ይገልጠዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ብቻ በፎርማሊን የቆየ ማነጻጸሪያ ደምቆ ይወጣል፣ ሳምንታት የቆየው ናሙና ባዶ ይሆናል፤ ባለሙያውም «ኔጋቲቭ» ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ አብሬያቸው ለምሠራ ወጣቶች አጥብቄ የምነግራቸው፣ የመላኪያ ቅጹ ላይ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ቀንና ሰዓት እንዲጻፍ፣ ረጅም ጊዜ የቆየ ማነጻጸሪያም ለብቻው እንዲቀመጥ ነው። ከሁሉም በላይ የምተማመነው ግን በዚያው ናሙና ውስጥ ባሉት ጤናማ ሴሎች ነው። በዕጢው ጠርዝ ያሉት ጤናማ ቲ ሊምፎሳይቶች በሲዲ3 ካልቀለሙ፣ ስለ ዕጢው ምንም አልልም፤ «ለመተርጎም አይቻልም» ብዬ ጽፌ አዲስ ናሙና እጠይቃለሁ።