የሆድ ሕመም በፊሊፒንስ የባህል ሕክምና

በፊሊፒንስ የባህል ሕክምና የሆድ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ሆድን ወጥሮ የሚያስጨንቀው ነፋት ካባግ ይባላል፤ ያዝ ለቀቅ እያደረገ የሚቆርጠው ሂላብ ነው፤ የበሉት አልፈጭ ብሎ ሲከብድ ደግሞ ኢምፓቾ ይሉታል። አልቡላርዮ የሚባለው የባህል ሐኪም ቅጠል ከመቀንጠሱ በፊት በሽተኛው ምን እንደበላ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረውና የት ላይ እንደሚወጋው ይጠይቃል፤ ሆዱንም በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ቅጠል መቀቀልን ማንም በአንድ ቀን ይለምደዋል። ሙያው ያለው ሕመሙን ለይቶ በማወቁ ላይ ነው።

ለሕፃን ካባግ የሚጠጣ ነገር መስጠት ብዙም አይመረጥም። ኢክሞ የተባለው የሐረግ ቅጠል የኮኮናት ዘይት ተቀብቶ እሳት ላይ ለብ ይደረግና በሕፃኑ ሆድ ላይ ይለጠፋል። ኢክሞ በእስያ ከአሬካ ፍሬ ጋር የሚታኘከው ቅጠል ነው። ከተሜዎቹ በዚህ ፈንታ አሴይቴ ዴ ማንሳኒልያ የሚባለውን የካሞሚል ዘይት ከፋርማሲ በትንሽ ጠርሙስ ገዝተው የልጁን ሆድ ያሹበታል። ለአዋቂ ሳላባት አለ፤ ዝንጅብል ተቀጥቅጦ ከስኳር ጋር የሚፈላበት መጠጥ ነው።

ለቁርጠት ዋናው መድኃኒት ቻኣንግ ጉባት፣ ማለትም የጫካ ሻይ ነው። ቁጥቋጦው ቅጠሉ ትንሽና አንጸባራቂ፣ ጫፉ ላይ እንደ ጥርስ የተከፋፈለ ነው፤ ፊቱን በጣት ሲዳስሱት ይሻክራል፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት ነጫጭ ነጠብጣብ አለው። አበባው ነጭ ሲሆን ፍሬው ሲበስል ይቀላል። በሌላው ዓለም ይህንኑ ተክል በብዛት የሚያውቁት ቦንሳይ አሳዳጊዎች ናቸው፤ በሳህን ላይ ድንክ አድርገው ያሳድጉታል እንጂ ለሆዳቸው አያፈሉትም። በፊሊፒንስ ግን ቅጠሉ ታጥቦ ይከተፍና በአንድ ብርጭቆ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይፈላል፤ ከዚያ ቀዝቅዞና ተጠልሎ ይጠጣል። እሳቱ መለስተኛ፣ ዕቃው ሸክላ፣ አፉም ያልተከደነ መሆን አለበት። የሸክላው ነገር ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይደለም፤ ብዙ ቅጠሎች ታኒን ስላላቸው በብረት ድስት ሲፈሉ ከብረቱ ጋር ተዋህደው ይጠቁራሉ። ዛሬ ይኸው ቅጠል በክኒን ተዘጋጅቶም ይሸጣል።

ሕመሙ ከተቅማጥ ጋር ከሆነ ተራው የባያባስ፣ በእኛ አጠራር የዘይቱን ቅጠል ነው። በቅጠሉ ያለው ታኒን አንጀትን ያኮማትራል፤ ኩዌርሴቲን የተባለው ውሁድ ደግሞ የአንጀትን መጨማደድ ያለዝባል። የቅጠሉ ውኃ ቁስል ለማጠብም ያገለግላል። ይሁን እንጂ ተቅማጥ የሚገድለው የሰውነትን ውኃና ጨው አሟጦ ነው፤ ይህንን ቅጠሉ አይተካም፤ የሚተካው በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ኦአርኤስ ነው።

ዘይቱን የፊሊፒንስ ተወላጅ አለመሆኑም መጠቀስ አለበት። ስፔናውያን ከአሜሪካ ያመጡት ተክል ነው፤ መርከቦቻቸው ከእ.ኤ.አ. 1565 እስከ 1815 በማኒላና በአካፑልኮ መካከል ሲመላለሱ ብዙ ዕፅዋት አሻግረዋል። ለሕመም ማስታገሻ የሚፈላውም የናና ዝርያ እስከ ዛሬ የሚጠራው ዬርባ ብዌና በሚለው የስፔን ስሙ ነው። የባህል መድኃኒት ከጥንት ሳይነካ የኖረ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ወስፋት ለሚያመጣው ሕመም ኒዮግ-ኒዮጋን የተባለው ሐረግ ፍሬ አለ። የደረቀው ፍሬ ይፈለፈልና አዋቂ ሰው ከእራት 2 ሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ዘር ያኝካል፤ ትሉ ካልወጣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። መጠኑ ሲበዛ ስቅታና የሆድ ሕመም ያስከትላል፤ በዚህ ረገድ ኮሶ ጠጥቶ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም።

ከቅጠሉ ጎን እምነትም አለ። እንግዳ ሰው ሕፃን ሲያደንቅ ወይም ሰላም ሲል ልጁ ሆዱን ሊታመም ይችላል ይባላል፤ ስሙ ኡሶግ ነው፣ ከሰው ዓይን ጋር ይቀራረባል። መድኃኒቱም ያው እንግዳ ምራቁን በጣቱ አድርጎ የልጁን ሆድ መንካቱ ነው። ሰም ውኃ ላይ አንጠባጥቦ በቅርጹ የሕመሙን መንስኤ ማንበብም የተለመደ ነው። ሐኪሞቿ ስመ ጥር የሆኑት የሲኪሆር ደሴት ደግሞ በሰሙነ ሕማማት ቅጠልና ሥር ተሰብስቦ መድኃኒት ይቀመምባታል። ይህ የሙያው አካል ቢሆንም፣ ምራቅ በሽታ ከማስተላለፍ አልፎ ቁርጠት ያቆማል ብሎ መቀበል ያስቸግራል።

ዕውቀቱ በጽሑፍ መስፈር የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ማኑኤል ብላንኮ የተባሉ መነኩሴ የአገሪቱን ዕፅዋት መጽሐፍ በ1837 አሳተሙ፤ ሐኪሙ ፓርዶ ዴ ታቬራ በ1892፣ ኤድዋርዶ ኪሱምቢንግ ደግሞ በ1951 መድኃኒትነት ባላቸው ዕፅዋት ላይ ጻፉ። በ1990ዎቹ የጤና መሥሪያ ቤቱ ተመርምረው የተመረጡ 10 ዕፅዋት ለሕዝብ አስተዋወቀ፤ ቻኣንግ ጉባት፣ ባያባስ፣ ዬርባ ብዌናና ኒዮግ-ኒዮጋን ከእነዚሁ ናቸው። በ1997 የወጣው ሕግ ቁጥር 8423 የባህል ሕክምናን የሚያጠናና የሚቆጣጠር ተቋም አቋቋመ።

የጤና መሥሪያ ቤቱ ምክር አጭር ነው፤ ለአንድ ሕመም አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ይወሰድ፣ ፀረ ተባይ የተረጨበት ቅጠል አይነካ፣ ያልተለመደ ስሜት ከመጣ ይቁም፣ በ2 ወይም በ3 ጊዜ ካልተሻለ ወደ ሐኪም ይኬድ። እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ የሚወርድ ሕመም ግን የትርፍ አንጀት ምልክት ሊሆን ስለሚችል አንድ ጊዜም በቅጠል አይሞከርም፤ በሽተኛው በቀጥታ ሆስፒታል መድረስ አለበት።