ሳጥኑን ለሁሉም፣ ቁልፉን ለባለቤቱ

ስለ ኮምፒዩተር ምስጠራ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር «ይሄማ የኛው ሰምና ወርቅ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ለኖረ ሰው ጆሮ ደስ የሚል አባባል ነው፤ ልክ ግን አይደለም። ልክ ያልሆነበት ቦታ ደግሞ እንደ አገር የምንሰናከልበት ቦታ ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም።

መጀመሪያ ነገሩን እንየው። ዛሬ አንድ ሰው የመረጃ ቋት ሳያቆም፣ መግቢያ የሚጠብቅ ሰርቨር ሳይከራይ፣ አንዲት ተራ የኢንተርኔት ገጽ በይለፍ ቃል መቆለፍ ይችላል። ገጿ ከመውጣቷ በፊት በባለቤቷ ኮምፒዩተር ላይ ትመሰጠራለች። ለሕዝብ የምትወጣው ተመስጥራ ነው። ማንም ያወርዳታል፣ ማንም በፍላሽ ይገለብጣታል፤ የሚያየው ግን ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር ነው። የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው ሲያስገባው ጽሑፉ እዚያው በራሱ ብራውዘር ውስጥ ይፈታል። ገጿን ያስቀመጠው ኩባንያ እንኳ ምን እንደያዘች አያውቅም። ስታቲክሪፕት የሚባለው በነጻ የሚገኝ መሣሪያ ይህን ይሠራል። የሚጠቀምበት ኤኢኤስ-256 የተባለው የምስጠራ ዘዴ ሊኖሩት የሚችሉት ቁልፎች ብዛት 78 አሃዝ ባለው ቁጥር የሚጻፍ ነው።

አሁን ወደ ቅኔው እንመለስ። የቅኔ ቁልፉ ኅብር ቃሉ ነው። ኅብሩ ደግሞ ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ እዚያው ቅኔው ውስጥ ተቀምጧል። ባለቅኔው ወርቁን የሚሰውረው እንዲገኝለት ነው፤ ማንም ሳያገኘው ከቀረ የከሰረው ባለቅኔው ነው። በኮምፒዩተር ዓለም ግን ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ የሚተው ሰው ሞኝ ነው። እንዲህ ዓይነት ገጾች ሞልተዋል። የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ፤ ጽሑፉ ግን ሳይመሰጠር ከኋላ ተቀምጧል። የገጹን ምንጭ ገለጥ ያደረገ ሁሉ ያነበዋል። ይሄ መጋረጃ እንጂ ቁልፍ አይደለም። እውነተኛ ምስጠራ ብልህና ሞኝ፣ የተማረና ያልተማረ አይለይም። የሚለየው ቁልፍ የያዘና ያልያዘ ብቻ ነው።

ይህን መርህ አጥርቶ የጻፈው የቋንቋ መምህር መሆኑ ደስ ይለኛል። ኔዘርላንድ ተወልዶ ፓሪስ ውስጥ ጀርመንኛ ያስተምር የነበረው ኦገስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የምስጠራው ዘዴ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊደርስ እንደማይገባ አስቀመጠ። በአጭሩ፣ ሳጥኑ አደባባይ ላይ ይዋል፤ መጠበቅ ያለባት ትንሿ ቁልፍ ናት።

እኛስ? እኛ ሳጥኑን እንደብቃለን፣ ቁልፉን እናዞራለን። በ2008 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሊጀመር በነበረበት ዕለት፣ ግንቦት 22፣ የእንግሊዝኛው ወረቀት ቀድሞ ማኅበራዊ መገናኛ ላይ ወጥቶ ስለተገኘ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪ፣ የዲክሲሱም የአዲስ አበባውም፣ እርሳሱን ቀርጾ እንደያዘ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እስቲ ወረቀቱ የተጓዘበትን መንገድ እንደ ሐያሲ እንየው። ፈተናው በሙሉ ይታተማል፣ ይታሸጋል፣ ከቀኑ አስቀድሞ ወደየክልሉ ይጫናል። የአርሲ ደጋ ትምህርት ቤቶች ድርሻ ከዋና ከተማው ተነስቶ ስንት ሰው እጅ ያልፋል፣ ስንት መጋዘን ያድራል? ይህ ሁሉ ሰው እንዲታመን ይጠበቃል። ሳጥኑና ቁልፉ አብረው ነው የሚጓዙት፤ ማሸጊያውን ለመቅደድ እጅ እንጂ ቁልፍ አያስፈልግም። የተመሰጠረ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ከሳምንት በፊት ዲክሲስ ሊደርስ ይችል ነበር፤ የፈለገ ሁሉ ኮፒ ቢያደርገውም ዋጋ የለውም። ጠዋት፣ በፈተናው ሰዓት፣ ቁልፏ ብቻ ትላካለች። እርግጥ ነው፣ ለዚህ ኮምፒዩተርና ማተሚያ፣ መብራትም ያስፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የሉም። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው፤ መታመን ያለበትን ሰው ቁጥር መቀነስ።

እኛ የመረጥነው ሌላ መንገድ ነው። ሐምሌ 2008 ላይ ለፈተናው ተብሎ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት እና በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንዲት ቁልፍ መጠበቅ ያቃተው መሥሪያ ቤት የመቶ ሚሊዮን ሕዝብ በር ዘጋ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ተማሪው መውሰድ ቀርቶ ተማሪው ሻንጣውን ተሸክሞ ወረቀቱ ወዳለበት ዩኒቨርሲቲ እንዲሄድ ተደረገ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኮምፒዩተር መፈተኑ መልካም ጅምር ነው። ግን ኮምፒዩተር የገባበት ቤት ሁሉ ቁልፍ አያያዝ ያውቃል ማለት አይደለም።

ፍትሐዊ ልሁን። የ2008ቱን ፈተና እኛ ነን ያወጣነው ያሉት ውጭ አገር የነበሩ የኦሮሞ አክቲቪስቶች ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። በተቃውሞው ምክንያት የኦሮሚያ ተማሪዎች ለወራት ከትምህርት ገበታ ስለራቁ ፈተናው ይራዘም ብለው ነበር። ለዚህ ጥያቄ የትኛውም ምስጠራ መልስ የለውም። ጥሩ ቁልፍ ወረቀቱን ያስጠብቅ ይሆናል፤ ያልተማረውን እንደተማረ አድርጎ መፈተንን ግን ትክክል አያደርገውም።

መንግሥትን ብቻ መውቀስም ቀላል ነው። ቁልፍ ማዞር የሁላችንም ልማድ ነው። በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብሱን የሸጠ ገበሬ ገንዘቡ ስልኩ ላይ ሲገባለት ስልኩን ለሱቁ ልጅ ያቀብላል። «ሚስጥር ቁጥሩን ይንገሩኝ አባባ» ሲባል ሰው መሀል ጮክ ብሎ ይናገራል። ቅር የሚለው ነገር የለም፤ ድሮም ደብዳቤውን የሚያነብለት የሰው ልጅ ነበር። የቢሮው ምሁርስ? የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ኮምፒዩተሩ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ቃሉን የከለከለ ባልደረባ «ምን የሚደብቀው ነገር አለው?» ይባላል። መከልከል አለማመን፣ አለማመን ደግሞ ነውር ሆኗል።

ያቺ የተቆለፈች ገጽ ይህን ልማድ አትምርም። ባንክ ሦስቴ የተሳሳተን ሰው ሊያግድ ይችላል። ገጿን ወደ ቤቱ የወሰደ ሌባ ግን የሚቆጥርበት ዘበኛ የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞክር ያድራል። የይለፍ ቃሉ በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ከሆነ ሊሞከር የሚችለው 100 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ለሰው ብዙ ነው፣ ለማሽን ግን የማይገፋ ሥራ አይደለም። ቃሉ አንዴ ከታወቀ ደግሞ መቀየሩ የወጣውን ኮፒ መልሶ አይቆልፍም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ይህ ሁሉ ለዲክሲስ ምኗ ነው የሚል ካለ፣ የተማሪን ውጤት ያስብ። የወደቀ ልጅ ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የሰፈር ወሬ ሲሆን ዓይተናል። አንድ መምህር ለእያንዳንዱ ተማሪ ውጤቱን ለብቻው በተቆለፈች ገጽ ቢሰጠው ያለ ኔትወርክም ስልኩ ላይ ይከፍታታል፤ ወጪውም ከወረቀቱ አይበልጥም። የሚያስፈልገው ረዘም ያለ፣ ሌላ የማይገምተው ቃል ነው። ያንን ቃል ተማሪው ለጓደኛው አለመንገሩ፣ ጓደኛውም ባለመነገሩ አለመቀየሙ ደግሞ አለ። ሳጥኑን ሌሎች ሠርተው በነጻ ሰጥተውናል። ይሄኛውን ግን ከውጭ አናስመጣውም።