ሰንሰለቱን ከኮነንን በኋላስ?

ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ስለ ሶማሌላንድ ያወጣው ዘገባ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እንደ እስረኛ በሰንሰለት» የሚል ነው። በሐርጌሳው የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልና በግል ማቆያዎች ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ፣ ያለ ፈቃዳቸውም ይዘጋባቸው እንደነበር ይዘረዝራል። የተነገረላቸው በአብዛኛው ወንዶች ጎልማሶች ናቸው። ሆኖም የታወከን ሰው በጉልበት የመያዝ ጥያቄ ከሆስፒታል በር አልፎ እስከ መማሪያ ክፍል ስለሚደርስ፣ ዘገባው መምህራንንም ይመለከታል።

የዘገባው ብርታት ጥፋቱን በቤተሰብ ላይ ብቻ አለመጣሉ ነው። በሐርጌሳ ማሕሙድ ሃይቤም ሆነ በደሴ፣ ልጁ የታወከበት ወላጅ ጭንቀቱ አንድ ነው፤ በአቅራቢያው ሐኪም ሲያጣ ገመድ ይፈልጋል። ድካሙ ግን ሰንሰለቱ ከተፈታ በኋላ ያለችውን ደቂቃ ለሌላ መተዉ ነው። ልጁ ራሱን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ የአሳዳጊው እጅ ምን ያድርግ? የመብት ዘገባ የሥራ መመሪያ አይደለም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን «አትሰር» ብቻ የተባለ ሠራተኛ በሰንሰለቱ ፋንታ ጉልበቱን ይተካል።

ጉልበትም ይገድላል። በ1996 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በአንድ የወጣቶች ማቆያ፣ የ15 ዓመት ልጅ በሦስት ሠራተኞች ተይዞ ሳለ መተንፈስ እንዳልቻለ እየተናገረ ሞተ። አያያዙ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት፣ የተፈቀደ ስልት ነበር፤ የተከለከለው ከሞቱ በኋላ ነው። እንግዲህ ሥልጠና ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። መያዝ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ የሚፈቀደውም ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲቃረብ ብቻ ነው። ስለ ተሳደበ ወይም አልታዘዝም ስላለ የተያዘ ልጅ ተቀጣ እንጂ አልተጠበቀም። በደረቱ ማስተኛት፣ በጀርባው ላይ መቀመጥ፣ አንገቱን ወይም ደረቱን መጫን ትንፋሽ ያሳጥራል። አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይዝ የልጁን ፊትና አተነፋፈስ ይከታተል፤ «ታፈንኩ» የሚል ቃል ሲሰማ ወዲያውኑ ይለቀቅ። የሚናገር ሰው መተንፈስ ይችላል የሚለው ግምት አደገኛ ስሕተት ነው። አደጋው ሲያልፍ የተደረገው ሁሉ ይመዝገብ፣ ለወላጅ ይነገር፣ ልጁም ራሱ ይጠየቅ። ረኃብ፣ ሕመም፣ ጩኸት ወይም ፍርሃት መነሻው ሆኖ ይገኛልና።

የሚጥል በሽታ የተነሣበት ተማሪ ደግሞ ፈጽሞ ተጭኖ አይያዝም። ክብሪት ማሽተትም አይረዳውም። ዙሪያውን ማጽዳት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ማስተኛት ይበቃል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36፣ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ድንጋጌው ሥራ ላይ የሚውለው ግን በዚያች አስጨናቂ ደቂቃ በመምህሩ እጅ ነው። ስለዚህ የየትምህርት ቤቱ መምህራን ማን እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚመለከት፣ ማን እንደሚመዘግብ አስቀድመው ተወያይተው ይወስኑ። በግርግር መካከል የሚፈለሰፍ ዘዴ ከሰንሰለቱ የተሻለ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለም።