«እኛ ፈረንጅ አይደለንም!»

ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው፣ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። የዛሬ ልጆች የሠፈሩን ስም በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ነፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ከጀሞ፣ ከለቡና ከመካኒሳ እሁድ ማለዳ ለእግር ጉዞ የሚወጡትን ወጣቶች እስቲ ተመልከቷቸው። ጫማው ለተራራ የተሠራ ነው። ቦርሳው ውኃ አያስገባም። ካናቴራው ላይ የቡድኑ ስም ታትሟል። ሚኒባሱ ተከፍሎታል፤ ፎቶ አንሺው ተከፍሎታል፤ የመልሱ ክትፎ ሳይቀር ታዟል። ያልታሰበበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መንገዱን የሚያውቀው ሰው።

«ለምን ብለን? ስልኩ ላይ ካርታ አለ አይደል እንዴ!»

ከጀሞ ተነሥቶ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ አድርጎ ወደ ወንጪ የሚወጣን ሰው ስልኩ እስከ መኪና ማቆሚያው ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው የወንጪ ልጅ ነው። ጉሙ ከሐይቁ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚገለጥ፣ ዝናብ ሲመጣ የትኛው ቁልቁለት እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ፈረስ ለጀማሪ እንደማይሆን፣ የማን ማሳ በየት በኩል እንደሚታለፍ ለነፋስ ስልኩ አልተነገረውም።

ልጁ ዋጋውን ሲናገር ታዲያ ምን እንለዋለን? «ኧረ ተው፣ እኛ ፈረንጅ አይደለንም!»

ይህች አነጋገር ሳትመረመር ማለፍ የለባትም። ቦሌ ላይ ማኪያቶ ጠጥቶ «ፈረንጅ አይደለሁምና ቀንሱልኝ» ያለ ሰው አላየንም። ቤት ላከራየን ደላላ ኮሚሽኑን ሳንተነፍስ እንከፍላለን። ወገንነታችን ትዝ የሚለን የገበሬው ልጅ ጋ ስንደርስ ነው። የፓርክ መግቢያ ለዜጋ ቢቀንስ ተገቢ ነው፤ ፓርኩ የዜጋው ነውና። ልጁ ግን ከፈረንጅ ጋርም ወጣ ከእኛ ጋር፣ ተራራው ያው ተራራ፣ እግሩም ያው እግር ነው።

የብሩ ነገር እንኳን ትንሹ ነው። ትልቁ ጣጣ ከመጽሐፍ ያልተገኘን ዕውቀት እንደ ዕውቀት አለመቁጠራችን ነው። በሽታው የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ አለ። ወደዚያ የመራው ያገሩ ሰው ግን የጠፋበት ምንጭ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ጫፍ ላይ የወጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ከእንግሊዝ ዘውድ ለኤድመንድ ሂላሪ የ«ሰር» ማዕረግ፣ ለቴንዚንግ ኖርጌይ ሜዳልያ ደረሳቸው። ኔፓል ይህ ሁሉ የገባት ይመስል እ.ኤ.አ. በ2023 የውጭ ተጓዦች ያለ መንገድ መሪ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ደንብ አወጣች።

በእኛም አገር የሰሜን ተራሮችን ለመጎብኘት ከደባርቅ የሚነሣ ሰው መሣሪያ የያዘ ስካውት ማስከተል ግዴታው ሆኖ ኖሯል። ስካውቱም፣ አስጎብኚውም፣ በቅሎ ጫኙም የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች ተርታ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። በዋልያው ምክንያት ቤቱ እንጀራ የሚገባለት ሰው ዋልያውን የሚጠብቅበት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ ግን ፈረንጁ ቀረ። ፈረንጅ በሌለበት ዘመን እኛም «ፈረንጅ አይደለንም» ካልን ያንን ቤት ማን ያኑረው?

አስጎብኚዎቹም ከወቀሳ አያመልጡም። በተራ በሚመደቡበት ቦታ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ይሠራል። ሲነሡ አንድ የነበረው ዋጋ ሲመለሱ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለፈረንጅ የሸመደደውን ለእኛም የሚደግም አለ፤ ጤፍ ምን እንደሆነ ሊያስረዳን ይቃጣዋል! ማኅበሮቻቸው ዋጋቸውን በግልጽ ይለጥፉ፤ ሰነፉን ያሠልጥኑ። የጉዞ አዘጋጆችም የመንገድ መሪውን ክፍያ ከሚኒባሱ ጋር ደምረው እዚሁ ጀሞ ላይ ይሰብስቡ። ያን ጊዜ ተራራ ሥር የሚደረገው ያ አሳፋሪ ክርክር ይቀራል።

የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። ልብ በሉ፣ መንደር ነው ያላት። መንደር ደግሞ ሰው ነው። ሐይቁን አይተን ሰውየውን ሳናየው ከተመለስን ግማሹን ሳንጎበኝ መጥተናል።

አበው «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ። እውነት ነው። በሬው ግን በባዶ ሆዱ አያርስም።