አዲስ መልክ ከቤዙ ይጀምራል

በቅርቡ ቅንብር የጀመረ አንድ ልጅ ስቱዲዮ ድረስ መጥቶ ምክር ጠየቀኝ። ሁለተኛ አልበሟን የምትሠራ ድምፃዊት ይዟል። የመጀመሪያው የአፍላ ፍቅርና የጭፈራ አልበም ነበር፤ አሁን አሠሪዎቿ «ኢሜጇን እንቀይራለን» ብለው ተነስተዋል። ፀጉሯ ተቆርጧል፣ ፎቶ ተነስታለች፣ ለክሊፑ ቦታ ሁሉ ተመርጧል። የቀረው ሙዚቃው ነው። «ጋሼ፣ አዲስ እንድትመስል የትኛውን ሳውንድ ልጫን?» አለኝ።

«ቤዙን ማን ነው የሚጫወተው?» አልኩት።

«እሱንማ በኪቦርድ ጨርሼዋለሁ።»

ይህን መልስ ከሰማሁ ወዲህ ያገኘሁትን አቀናባሪ ሁሉ ስሟገት ሰንብቻለሁ፤ አሁን ደግሞ በጽሑፍ ልበለው። የድምፃዊ መልክ የሚለወጠው ከታች፣ ከቤዙ ነው። ፀጉርም፣ ልብስም፣ አዲስ ሲንተሳይዘርም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ቤዙ ካልተነካ ድምፃዊቷ ያችው የድሮዋ ናት። ሰሚው ምን እንደጎደለ መናገር ባይችልም «ልብስ ነው የቀየረችው» ብሎ ያልፋታል፤ ፍርዱም ትክክል ነው።

ሰው ዘፈን ሲሰማ የሚከተለው ዜማውንና ግጥሙን ነው፤ ቤዙን አብዛኛው ሰው ልብ አይለውም። ነገር ግን ዘፋኟ ትለምን ወይ ታዝዝ፣ ትፍራ ወይ ትተማመን፣ ይህን ለሰሚው የሚነግረው ከድምጿ ሥር ያለው ነው። ሙሉ ትዝታን እንውሰድ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ስንኙን ዶ ላይ ትቋጨዋለች። በኪቦርድ የተሞላው ቤዝ ተከትሏት ዶ ላይ ይወርዳል፤ ነገሩ አለቀ፣ ሁሉም ደህና ነው ይላል። አሁን ከዜማው አንዲት ኖታ ሳትነኩ ቤዙን ላ ላይ አቁሙት። ከቅኝቱ አልወጣንም፤ ላ ከአምስቱ አንዷ ናት። ዳሩ ግን ያው ቃል በዚያው ድምፅ ሲቋጭ ጠቆር ይላል። ቅድም እርካታ የነበረው አሁን ያልተነገረ ነገር ያዘለ ይሆናል። ድምፃዊቷ ምንም ሳታደርግ ዕድሜ ጨመረች።

ምቱንም እዩት። በስድስት ስምንተኛ ችክችካ የተለመደው የኪቦርድ ቤዝ አንደኛውና አራተኛው ምት ላይ ይወድቃል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አንደኛውን ባዶ ተዉትና ቤዙ ሦስተኛው ላይ ይግባ። ስንኙ ሲነሳ ዘፋኟ ማንም ሳይደግፋት ብቻዋን ትገባለች፤ ባንዱ ከኋላዋ ይደርስባታል። መሪዋ እሷ መሆኗን ሰሚው በዚያች ቅጽበት ያውቃል። ይህንን የትኛውም የክሊፕ ዳይሬክተር በካሜራ ሊሰጣት አይችልም።

ከልጁ ጋር ይህንኑ በአንድ ዘፈን ሞከርን። የኪቦርዱን ቤዝ ዘጋነው፤ ቤዝ ጊታሬን አንስቼ በዚያው ዜማ ሥር ሌላ ላይን ተጫወትኩ። ድምፃዊቷ መጥታ ሰማችው። ሄድፎኑን ሳታወልቅ «አንድ ቶን ዝቅ አድርጉልኝ» አለች። አደረግንላት። በፊት ከምቱ ጋር እየሮጠች የዘፈነችውን ስንኝ አሁን ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ጨርሳ እያወጣች ዘፈነችው። «በሰል ብለሽ ዝፈኚ» ያላት ሰው አልነበረም።

የኪቦርድ ቤዝ ለምን እንደሰፈነ የሙያው ሰው ያውቀዋል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ ነፋስ መሣሪያ የያዙ ትልልቅ ባንዶች እየተበተኑ ሲሄዱ ኪቦርድና ድራም ማሽን ቦታቸውን ወሰዱ። አንድ ሰው በቀኝ እጁ ዜማውን፣ በግራው ቤዙን እየያዘ ካሴቱን ሁሉ ተሸከመ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙ ተምሬያለሁ፤ ዘመኑ የጠየቀውን በብቃት ሠርተዋል። ነገር ግን ግራ እጅ ለቀኝ እጅ ታዛዥ ነው። ቀኙ የሚሄድበትን ስለሚያውቅ አይከራከረውም፣ አያስጠብቀውም። ቤዚስት ግን ሌላ ሰው ነው። ዘፋኙ ወዴት እንደሚሄድ እያደመጠ፣ አንዳንዴ አብሮ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ «አንተ ሂድ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ብሎ ይቀራል።

ስለ መልክ መለወጥ ሲነሳ ሁልጊዜ የማነሳው አልበም እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ ያወጣችውን «ጂጂ» ነው። ከዚያ በፊት የሠራቻቸው አልበሞች በውጭ ላለው ሐበሻ ታስበው የተሠሩ ነበሩ። ይህኛውን ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ ነው፤ ባለቤቱ የጃማይካን ሬጌ ለዓለም ያስተዋወቀው ክሪስ ብላክዌል ነበር። የጃዝ ስመ ጥሮቹ እነ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። አገር ቤት ሲደርስ አከራከረ። «ይሄ የኛ ሙዚቃ አይደለም» ያለ ነበር፤ «ከፍ አደረገችን» ያለም ነበር። ሁለቱም ወገን ግን ጣቱን የቀሰረው ጃዙ ላይ፣ ሳክስፎኑና ስመ ጥሮቹ ላይ ነው። ያኔ ቤዝ ጊታር በመለማመድ ላይ ነበርኩ። አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ያመጣውን ሲዲ በሄድፎን ደጋግሜ ስሰማው የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የአልበሙ ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል ቤዚስት ነው!

ጂጂ ጉሮሮዋን አልቀየረችም። ከቻግኒ ይዛው የወጣችው ቅላፄ፣ ያ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ጋር የተዛመደ አወራረድ እንዳለ ነው። «ባለ ዋሽንቱ»ን ስሙት፣ «ዓባይ»ን ስሙት። የተቀየረው የቆመችበት ነው። ቤዙ ሰፊ ነው፣ አይቸኩልም፣ ጥቂት ኖታዎችን ይዞ ይመላለሳል። ስንኝ ባለቀ ቁጥር ዘሎ ክፍተት አይሞላም። በእኛ ካሴቶች ድምፃዊ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ኪቦርዱ ቀዳዳዋን ይደፍናታል፤ እዚህ ትንፋሿ ራሱ ይሰማል። አዲሷ ጂጂ፣ ዓለም ያወቃት ጂጂ፣ የተወለደችው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ሃንኮክንና ሾርተርን አክብሬ እላለሁ፤ እነሱን አውጥታችሁ ቤዙን ብትተዉት ያች ሴት ትቀራለች። ቤዙን አውጥታችሁ እነሱን ብትተዉ ግን እንግዳ ያጀባት የድሮዋ ዘፋኝ ናት የምትሰሙት።

ይህን የምለው እንዲሁ አይደለም። ላስዌል ራሱ ያንን አልበም አፍርሶ በደብ ስልት እንደገና ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ወጥቷል። ድምጿ እዚያ ውስጥ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ አብዛኛውን ቦታ የያዘው ቤዝና ምት ነው። ስትሰሙት ግን የጂጂ አልበም መሆኑን አትስቱትም። በዚያው ዓመት «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በተባለው ቡድን «ዛየን ሩትስ» ወጣ። እዚያ ላይ ላስዌል ቤዙን አስቀምጦ ጊታርና ኪቦርድ ያዘ። ውጤቱ ሦስተኛ ጂጂ ነች፤ ቀለል ያለች፣ ለአገር ቤት መሣሪያ የቀረበች። ያው ሴት፣ ያው ጉሮሮ። አንድ ሰው ቤዝ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ መልኳ አብሮ ተለወጠ።

ባልደረቦቼ በዚህ ጊዜ «ኮንትሮል»ን ያመጡብኛል። የጃኔት ጃክሰን ሦስተኛ አልበም ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1986። በ1982ና በ1984 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የታዋቂ ቤተሰብ ትንሽ ልጅ አድርገው ያቀረቧት፣ ብዙም ያልተራመዱ ነበሩ። ከአባቷ አስተዳደር ወጥታ ሚኒያፖሊስ ሄደችና ከጂሚ ጃምና ከቴሪ ሉዊስ ጋር ሠራች። ሁለቱ «ዘ ታይም» የተባለው ባንድ አባላት ነበሩ። ጃኔት ስትመጣ ወዲያው መቅዳት አልጀመሩም። መጀመሪያ አብረዋት ተቀምጠው፣ ወጥተው፣ አወሩ፤ ያወራችው ነገር ግጥም ሆኖ ሲመለስላት አየች። አልበሙ ቢልቦርድ ላይ አንደኛ ወጣ፣ ትንሿ ልጅም በዚያው ቀረች።

«እዚያ ላይ እኮ ቤዙ በአብዛኛው የማሽን ነው» ይሉኛል። አዎ፣ ነው። ግን ቴሪ ሉዊስ ምን ተጫዋች ነው? «ዘ ታይም» ውስጥ ቤዚስት ነበር። ማሽኑን ምን እንደሚያስጫውቱትና የት ላይ ዝም እንደሚያሰኙት ያውቃሉ። ከአልበሙ «ናስቲ»ን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት፤ ታችኛው ድምፅ ከበሮውን ይዞ ይረግጣል፣ ጃኔት ደግሞ ከላዩ ላይ ሳትጮህ ትናገራለች። እንዲህ ያለ መሬት ከሥሯ ስላለ መጮህ አላስፈለጋትም። ጠቤ ከኪቦርድ ጋር አይደለም። ጠቤ ቤዙን ማንም ሳያስብበት በግራ እጅ ከሚሞላበት ልማድ ጋር ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ማሕሙድ አሕመድ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲዘፍን የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ሲሠራ የሆነው አንድ ሰው አይመስልም። ድምፁ ያው ነው። አጃቢው ግን ትንሽ ባንድ ሆነ፣ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ወደ ፊት መጣ፣ እየተመላለሰ ሰውን ያፈዛል። ክራምድ ዲስክስ ያንን ሥራ ቤልጅየም ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ አውሮፓዊው ቋንቋውን ሳያውቅ የተያዘው በምን ይመስላችኋል?

አሁን አሁን ደግሞ «ሰው የሚሰማው በስልክ ነው፣ ቤዝ አይሰማም» የሚል መከራከሪያ መጥቷል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የስልክ ስፒከር እዚያ አይወርድም፣ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ኖታ ብቻውን አይመጣም፤ ከላዩ ተከታታይ ድምፆች አሉት። ጆሮ እነዚያን ካገኘ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ቤዚስቱ ወደ ብሪጁ ተጠግቶ ይምታ፤ ሚክስ የሚያደርገውም ትንሽ ዲስቶርሽን ይጨምርበት፤ በስልክም ይሰማል። ደግሞስ በስልክ የተወደደ ዘፈን በማግስቱ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ይገባል፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቤዝ አይሰማም የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

እናቴ ካሴቶቼን ታዳምጥ ነበር። «አንተ የቱ ጋ ነህ?» ትለኛለች። «ይሄ፣ ይሄ ወፍራሙ» እላለሁ። ትሰማለች፣ ዘፋኙን ታመሰግናለች፣ ዋሽንቱን ታደንቃለች፣ እኔን ግን አታገኘኝም። የተከራየነው ቤት ግድግዳው ቀጭን ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ቴፕ ከፍቶ፣ ቃሉ አይለይ፣ ዜማው አይለይ፣ እሷ ቡና ትቆላለች። ምጣዱን ይዛ ቀጥ አለችና «ይሄ ያንተ ነው» አለችኝ። እውነትም የኔ ነበር። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ያልፋል፤ ቀጭኑ ወዲያ ማዶ ይቀራል። በዚህ ሙያ ካገኘሁት ክፍያ ሁሉ ያንን ያህል ደስ ያሰኘኝ የለም። ከዚያ በኋላ ዘፈን ስትሰማ መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን ሆነ፤ ለጎረቤቶቿም «ታችኛውን ስሙት» ትላቸው ነበር።

በብዙዎቹ ካሴቶች ሽፋን ላይ ግን ስሜ የለም። የድምፃዊው አለ፣ የገጣሚው አለ፣ የአቀናባሪው አለ፣ የአከፋፋዩ ስልክ ሳይቀር አለ። ከእኔ በፊት የነበሩት ቤዚስቶች ደግሞ ከእኔ የባሰ ተረስተዋል። ዛሬ ወጣቶች ሳምፕል እያደረጉ አዲስ ሥራ የሚሠሩበት ላይን ማን እንደተጫወተው የሚያውቅ እያለቀ ነው። ስለዚህ የድሮ ካሴቶችን እያወጣሁ፣ በሕይወት ያሉትን ሙዚቀኞች እየዞርኩ እጠይቃለሁ፤ በማስታወሻ ደብተር የካሴቱን ስም፣ አጠገቡ የቤዚስቱን ስም እጽፋለሁ። አንዳንዶቹ መስመሮች ባዶ ናቸው። በዚያ ዘመን ስቱዲዮ ገብታችሁ ቤዝ የተጫወታችሁ፣ ወይም አባታችሁ፣ አጎታችሁ የተጫወተ ካለ፣ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ንገሩኝ። ካሴቱ በእጄ ይኖራል፤ የጎደለኝ ስሙ ነው።