ስለ «ቢስክሌተኛው ሞት» ፍጻሜ

ስፔናዊው ኹዋን አንቶኒዮ ባርዴም በ1955 እ.ኤ.አ. ባወጣው «የቢስክሌተኛው ሞት» በተባለው ፊልም፥ በድብቅ የሚዋደዱ ወንድና ሴት በመኪና ሲሄዱ አንድ ቢስክሌተኛ ይገጫሉ። ምስጢራችን ይገለጣል ብለው ፈርተው፥ ነፍሱ ሳትወጣ ጥለውት ይሄዳሉ። ኋላም ወንዱ እጃችንን እንስጥ ቢላት፥ መኪናዋን ነድታበት ትገድለዋለች። እርሷም ሌላ ቢስክሌተኛ ላለመግጨት ስትጠመዝዝ ከድልድይ ወድቃ ትሞታለች።

ይህን ፍጻሜ እነቅፋለሁ። ገጭቶ የሸሸ ሁሉ በሞት አይቀጣምና፥ ወጣት ተመልካች ከዚህ ፍርሃትን እንጂ ግዴታን አይማርም። የማመሰግነው ያን ሁለተኛ ቢስክሌተኛ ነው፤ ጥቂት ካመነታ በኋላ እርዳታ ፍለጋ መብራት ወደሚታይበት ቤት ይገሠግሣል።

እናንተ የአርብ ገበያ ልጆች፥ በመንገድ የወደቀ ሰው ብታገኙ፥ «ማን ገጨው?» ከማለታችሁ በፊት «ይተነፍሳልን?» በሉ።