መጀመሪያ ጠርዙን

በእጅ የተሠራ ሞዴል አውሮፕላን ሲያሳዩት አብዛኛው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጅራቱ ላይ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን አይቶ "አቤት ሲያምር!" ይላል፤ ሠሪውም ደስ ይለዋል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። ቀለም ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። መጥፎ ቀለም ተፍቆ እንደገና ይቀባል፤ የተንሻፈፈ ክንፍ ግን ከነመንሻፈፉ ይቀራል። ስለዚህ ሥራ መመዘን የሚፈልግ ሰው ሠሪው በሄደበት መንገድ ቢሄድ ይሻለዋል፦ መጀመሪያ ቅርጽ፣ ቀጥሎ ጠርዝ፣ ከዚያ አቋቋም፤ ቀለም ከሁሉም በኋላ።

የአዲስ አበባው ስድስት ኪሎ ለሞዴል ሥራ የተመቸ ሰፈር ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አለ፣ "አለ" የሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እዚሁ አካባቢ ነው፣ ወረድ ሲሉ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂው ግቢ አለ። መለኪያ የለመደ እጅና ብሩሽ የለመደ እጅ በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። በካርቶን ታሽጎ፣ ተቆርጦና ተለክቶ የሚመጣ የፕላስቲክ ሞዴል ግን እንደ ልብ አይገኝም። የእኛ ሠሪ ከባዶ ይነሳል። ክንፉን ከዋንዛ ይጠርባል ወይም ማስታወቂያ ቤቶች ከጣሉት፣ ፎሬክስ ከሚባለው የፕላስቲክ ሰሌዳ ቁራጭ ይቆርጣል፤ የጎማው እግር የጃንጥላ ሽቦ ነው፤ መስኮቱ በበረኪና ታጥቦ የጠራ የራጅ ፊልም ነው፤ የአብራሪው መስታወት በእንጨት ቅርጽ ላይ በሙቀት የተወጠረ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። የቀረውን የአሮጌ ዕቃ ገበያው ምናለሽ ተራ ይሞላዋል።

ብልሃቱ ያስደንቃል፤ ዳኛ ግን በብልሃት መሸነፍ የለበትም። መስኮቱ ከራጅ ፊልም መሠራቱ ሲነገረኝ ብደነቅ ደግ ነው። ሳይነገረኝ የራጅ ፊልም መሆኑ ከታየኝ ግን መስኮት አልሆነም ማለት ነው። (ሕፃናት ከሽቦና ከቆርቆሮ የሚሠሩትን አውሮፕላን በዚህ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ተሳስቷል። እሱ ሌላ ጥበብ ነው፤ የራሱ ነፃነት አለው፣ ከእውነተኛው ጋር ላመሳስል ብሎም አልተነሳም።)

ቅርጽን ለማየት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ዝርዝሩን ማጥፋት ነው። ሞዴሉን በመስኮት ትይዩ ያዙትና ብርሃኑን ከኋላው አድርጉት፤ ጥላው ብቻ ይቅር። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ1942 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮቹ የወዳጅና የጠላት አውሮፕላን እንዲለዩ ብሎ ከየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች 500,000 የእንጨት ሞዴል ጠይቆ ነበር። ልኬታቸው 1 ለ72 ሆኖ ጥቁር ተቀቡ። መስኮት የለ፣ ምልክት የለ፣ ቅርጽ ብቻ። ቅርጹም በወረቀት መለኪያ እየተጋጠመ ይፈተሽ ነበር። ዛሬም 1 ለ72 በዓለም ላይ ከተለመዱት የአውሮፕላን ሞዴል ልኬቶች አንዱ ነው።

በጥላው ውስጥ ምን ይፈለጋል? እያንዳንዱ አውሮፕላን ሠሪን የሚፈትንበት ቦታ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ-47 ነው፤ ሲ-47 ማለት የዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም ነው። የዚህ አውሮፕላን ክንፍ በሁለቱ ሞተሮች መካከል ጠፍጣፋ ነው፤ ሽቅብ ማለት የሚጀምረው ከሞተሮቹ ወዲያ ነው። የፊት ጠርዙ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የኋላው ጠርዝ ግን ቀጥ ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። ይህን ልብ ያላለ ሠሪ ክንፉን ከገላው ሥር ጀምሮ ያነሳዋል። ያኔ የፈለገውን ያህል አሳምሮ ቢቀባው ዲሲ-3 አይሆንም።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ይጠቀምበት የነበረው ተዋጊ ጄት ኤፍ-5 ፈተናው ወገቡ ላይ ነው። ከላይ ሲያዩት ገላው ክንፉ አጠገብ ሲደርስ ቀጠን ይላል፤ ለፍጥነቱ ተብሎ የተሰላ ነው። በፎቶ ብቻ የሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለ ቱቦ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ፎቶ የሚነሳው ከጎን ነው። በ1958 ዓ.ም. የመጣው ኤፍ-5ኤ እና በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተፋለመው ኤፍ-5ኢ ደግሞ አንድ አይደሉም፤ የኋለኛው ገላው ሰፋ ይላል፣ ክንፉም ሥሩ ላይ ወደ ፊት የሚዘረጋው ክፍል ይበልጣል። ኤውን ሠርቶ የኢውን ታሪክ የሚያወራ ብዙ አለ።

አየር መንገዱ የመጀመሪያውን ከተረከበበት ከነሐሴ 2004 ዓ.ም. ወዲህ ሁሉም የሚሠራው 787 ድሪምላይነርን ነው። እዚህ ላይ ዳኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃዋል፦ በሰማይ ነው ወይስ በመሬት? የድሪምላይነር ክንፍ ሲበር ወደ ላይ ይለመጣል፣ ቆሞ ነዳጅ ሲሞላ ደግሞ ዝቅ ይላል። በመቆሚያ ላይ፣ ጎማው ታጥፎ፣ ክንፉ ግን ቀጥ ብሎ የተቀመጠ 787 የሚበር አይመስልም፤ ስንቱ የጉዞ ወኪል ጠረጴዛ ላይ ያለው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጠርዙ እንምጣ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምቆየው እዚህ ነው። አንድ ወጣት ሲ-47 ሠርቶ አመጣልኝ። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው 29 ሜትር ስለሆነ በ1 ለ72 ልክ ነው።

"ጋሼ፣ ቀለሙን እንዴት አዩት?"

"ቀለሙ ይቆየንና የክንፉን የኋላ ጠርዝ እስቲ በጣትህ ዳስሰው።"

ዳሰሰው። "ትንሽ ወፈረ እንዴ?"

"ስንት ይሆናል?"

"ቢበዛ አንድ ሚሊ።"

"በሰባ ሁለት አባዛዋ።"

ሰባት ሳንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ። ልጁ ሳቀ፤ ገብቶታል። የአውሮፕላን ክንፍ ወደ ኋላ ሲሄድ እየሳሳ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ሰባት ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የኋላ ጠርዝ የበር መቃን እንጂ የክንፍ አይደለም። ዋንዛውን እዚያ ድረስ ማሳሳት ከባድ ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ይቆረሳል። የሚያውቁት ጫፉን ቆርጠው በለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ይተኩታል፤ ያ ቆርቆሮ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የፕሮፔለሩም ምላስ፣ የጎማው መዝጊያም ከዚያው ይወጣል።

ይኸው ስሌት ሌላውንም ሁሉ ይዳኛል። የሪቬት ራስ አምስት ሚሊ ቢሆን በዚህ ልኬት ከፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረት ያንሳል። እንግዲህ በመርፌ እየወጋ ክንፉን በነጠብጣብ የሞላ ሠሪ ብዙ ደክሟል፣ ድካሙም ይታያል፤ ነገር ግን እውነተኛውን አውሮፕላን አርባ ሜትር ርቆ የሚያይ ሰው ሪቬት አያይም። በልኬት ሲሠራ የሚተወው ነገር ከሚሠራው እኩል መታሰብ አለበት። የላሜራ መጋጠሚያውን ቦይ አድርጎ የቆፈረውም እንደዚሁ ነው። እኔ ብሆን ምንም መስመር የሌለውን ለስላሳ ክንፍ ከተቆፈረው አስበልጣለሁ፤ በዚህ የማይስማሙኝ ጥሩ ሠሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ሐሳቤን ግን አልቀይርም።

በጨርቅ የተሸፈኑት የጥንቶቹ ላይ ስህተቱ ይብሳል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ ከጅቡቲ አብርሮ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ያሳረፈው ፖቴዝ 25 በአገራችን መሬት ያረፈ የመጀመሪያው አውሮፕላን ነው። ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ ነው፤ የታችኛው ከላይኛው ያጥራል፣ ይጠብባልም፤ እኩል ያደረጋቸውን ወዲያው መልሱለት። ጨርቁ በክንፉ አጥንቶች ላይ የተወጠረ ስለሆነ በመካከላቸው የሚታየው ልስልስ ያለ ሞገድ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ግን የከሳ በሬ ጎድን ያስመስለዋል። ክንፎቹን የሚወጥሩትን ሽቦዎች በስፌት ክር መሥራትም አይሆንም፤ ክር በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጸጉራም ነው። የስክሪብቶ ቀፎ በሻማ አሙቀው ቀስ ብለው ሲስቡት የሚወጣው ቀጭን ዘለላ ግን ለስላሳ ነው፣ ሲለጥፉትም ቀጥ ይላል። አንዱ እንኳ የረገበ ሽቦ ካለ ሥራው አልተጨረሰም።

አቋቋም ረጅም ወሬ አይፈልግም። ሞዴሉን የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከፊት ለፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ሦስቱም ጎማ ይንካ። የክንፉ ሁለት ጫፎች ከጠረጴዛው እኩል ይራቁ። የጅራቱ አግዳሚ ከክንፉ ጋር ይመሳሰል። ጎማው ሥሩ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ቢል አውሮፕላኑ ክብደት ይኖረዋል፤ ብዙ ከጠፈጠፈ የተነፈሰ ይመስላል።

ስለ ገጽታው ለማወቅ ግን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ የቀትር ብርሃን ሁሉንም ያስውባል። ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት ጥላ አደባባዩን ሲያቋርጥ፣ ሞዴሉን ደጅ አውጡትና ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አዘንብሉት። በስቱኮ ያልተደፈነ የእንጨት ቀዳዳ፣ የሻካራ ወረቀት ጭረት፣ የኮላ ጠብታ፣ ሁሉም በዚያ ሰዓት ይወጣል። ዋንዛ ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ተደፍኖ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ተደፍኖ ነው የሚለሰልሰው፤ የቸኮለ ሰው እዚህ ይያዛል።

ቀለም የሚወራለትን ያህል የተወሳሰበ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ያልተቀባ የአልሙኒየም ገላ ያለውን አውሮፕላን በብርማ የበር ቀለም የቀባ ሰው ፍሬው ትልቅ የሆነ ዱቄት ነው የለጠፈበት፤ በዚህ ልኬት አሸዋ ይመስላል። የወጥ ቤት ፎይልን በስሱ ሙጫ እየለጠፈ፣ በጥጥ እያሻሸ፣ የአንዱን ላሜራ አቅጣጫ ከጎረቤቱ እያለያየ የሠራ ሰው ግን ሞዴሉን ሲያዞሩት አንዱ ላሜራ ሲያበራ ሌላው ይጠቁራል። እውነተኛው ሲ-47 የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሌላው የሚቀባው ቀለም ደግሞ ከቆርቆሮው እንደወጣ ይከብዳል፤ ትንሽ ነጭ ገብቶበት ሳሳ ሲል ነው ከርቀት የሚታይ አውሮፕላን የሚመስለው። ቆሻሻም ምክንያት ይኑረው። ጥቀርሻ ከጭስ ማውጫው ተነስቶ በነፋሱ አቅጣጫ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በየክፍለ አገሩ አፈር ሜዳ ላይ ሲያርፍ የኖረ አውሮፕላን አቧራው ከጎማው ጀርባና ከሆዱ ላይ ነው። በጣሪያው ላይ ጭቃ ያየሁበት ሞዴል አለ፤ ማን ወጥቶ እንደረገጠው አልጠየቅሁም።

ፊደሉን ያነሳሁት መጨረሻ ላይ ቢሆንም ለአማርኛ አንባቢ ትልቅ ነገር ነው። የዱሮ አውሮፕላን ላይ ያለ ጽሕፈት በብሩሽ የተጣለ ነው፤ የ"የ" እግርና የ"ጵ" አንገት የጸሐፊውን እጅ ይናገራል። የዛሬውን የኮምፒውተር ፊደል አትሞ የ1938ቱ ገላ ላይ የለጠፈ ሰው አሥርት ዓመታት ዘልሏል። አብዛኛው ዳኛ ግን በላቲን ፊደል የተጻፈውን የምዝገባ ቁጥር ሲመረምር ይህን ያልፈዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሠሪውን የምጠይቀው ይህን ነው፦ የትኛው አውሮፕላን ነው፣ በየትኛው ቀን? "ዲሲ-3 ነው" የሚል መልስ አይበቃኝም። ምዝገባው ምንድን ነው፣ በዚያ ዓመት ምን ተቀብቶ ነበር፣ ፎቶው የት ታየ? እዚሁ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የድሮ ጋዜጣና ፎቶ ሲያገላብጥ የዋለ ሠሪ ከሞዴሉ ጋር ማስረጃውን በአቃፊ ይዞ ይመጣል። አቃፊውን ሳላይ የመጨረሻ ፍርድ አልሰጥም።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚፈትነው "ፀሐይ"ን ለመሥራት የተነሳውን ነው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተወስዳ ሮም አቅራቢያ በአየር ኃይል ሙዚየም ከኖረች በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን ለኢትዮጵያ በይፋ አስረክባታለች። አንዲት ብቻ ናት። ሠሪው ዛሬ የሚያየውን ይሥራ ወይስ በ1928 ከወርክሾፑ የወጣችውን? አሁን ገላዋ ላይ ያለው ቀለም የማን እጅ ነው? የዘመኑ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀዩንና አረንጓዴውን ከግራጫ ላይ መለየት አስቸጋሪ ነው። ሁለት ሰዎች ሁለቱንም ቢሠሩ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንዱ ሞዴል ላይ የሁለቱን ዘመን የቀላቀለው ግን፣ ጠርዙ የቱንም ያህል ቢሳሳ፣ ከእኔ አንደኛ አያገኝም። አቃፊው ውስጥ የለካውን በቀለም፣ የገመተውን በእርሳስ ለይቶ ያስቀመጠ ካለ፣ የሱን ሞዴል ሁለተኛ ጊዜ ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ።